ጠርዙን እዩ፦ ጥሩ የአየር ጠባይ ካርታ በምን ይለያል?

በኮምፒዩተር የተሠራ የአየር ጠባይ ካርታ እጃችሁ ሲገባ ቀለሙ አያታልላችሁ። እንደ ኪውጂአይኤስ ያለ ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ያማረ ካርታ ማውጣት ቀላል ሆኗል። ሙያው የሚለየው ሠሪው ቅርጹንና ምልክቱን ምድሩን አውቆ ማስቀመጡ ላይ ነው። የሞላሌን ከተማ መሐል አድርገን የመንዝን ካርታ እንመዝን።

መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በምሥራቅ ደጋው ተቆርጦ ወደ ሸዋሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ ወደ ጀማ የሚፈሱት ወንዞች ምድሩን ሰንጥቀው ገደል አድርገውታል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር የሚሳለው የውርጭ ክልል ከአፋፉ ጋር አብሮ መታጠፍ አለበት። ጠርዙ ለስልሶ ገደሉን ከተሻገረና ቆላውን ካለበሰ፣ ሠሪው ሥራውን ለማለስለሻው መሣሪያ ጥሎታል። ጥሩ ሠሪ የከፍታ መስመሮችን ከሥር አንጥፎ የጠርዙን ነጥቦች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ይጎትታል። ምርጡ ረባዳውንም ይለያል፤ ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከብዶ ወደ ዝቅታው ስለሚወርድ፣ የተዳፋቱ ገብስ ተርፎ የሜዳው ሊመታ ይችላል።

ቀጥሎ ምልክቱ የት እንደዋለ ተመልከቱ። ሶፍትዌሩ በራሱ ሲያስቀምጥ የቅርጹን ማዕከል ያሰላል። ክልሉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ከሆነ ማዕከሉ ከቅርጹ ውጭ ይወድቃል፤ የደጋው የውርጭ ምልክት ገደል ውስጥ ይገኛል። ነጥቡን ከቅርጹ ውስጥ የሚያስቀር ምርጫ እያለ ይህ ከታየ፣ ካርታው ሳይታረም ወጥቷል።

የነፋስ ምልክትም ብዙ ያጋልጣል። ዘንጉ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ግማሽ ላባ 5፣ ሙሉ ላባ 10፣ ጥቁር ሦስት ማዕዘን 50 ኖት የነፋስ ፍጥነት ያመለክታል። በእኛ ንፍቀ ክበብ ከሰሜን ለሚነፍስ ነፋስ ላባው በምሥራቅ ጎን ይሆናል። በምዕራብ ካገኛችሁት ሠሪው ምልክቱን በማዞር ፈንታ እንደ መስታወት ምስል ገልብጦታል።

የተዘጋጁ ምልክቶች ክምችትም ያሳስታል። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን የተደረደረበት የቀዝቃዛ አየር ግንባር መስመር ለአውሮፓ የአየር ጠባይ ዋና ነው። የእኛን ክረምት በዋናነት የሚያመጣው ግን በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የነፋሳት መገናኛ ቀጠና ወደ ሰሜን መውጣቱ ነው። በሐምሌ የመንዝ ካርታ ላይ ያ መስመር ከተሰመረ ጌጥ ነው።

በመጨረሻ የምልክት መግለጫውን አንብቡ። የወቅት ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የሚሆን ዝናብ ዕድልን በመቶኛ ይሰጣል፤ የሦስቱ ድምር 100 ነው። ከመደበኛ በላይ የሚሆንበት ዕድል 45 በመቶ የሆነ ቦታ አረንጓዴ ብቻ ተቀብቶ ቁጥሩ ከተተወ፣ ዕድሉ ተስፋ ሆኖ ይነበባል። በመንዝ ደጋ በበልግ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ዘሩን ከጎተራ የሚያወጣው አንድ ጊዜ ነው። ቁጥሩን፣ ካርታው የወጣበትን ቀንና የሚያገለግልበትን ጊዜ ያልጻፈ ካርታ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ውሳኔ አይበቃምና መልሱት።