ሳይነበብ የተገዛው ግጥም

ፈረንሳዊው ደራሲ ኦኖሬ ደ ባልዛክ «የጠፉ ሕልሞች» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለዱን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1843 ድረስ በሦስት ክፍል አሳትሞታል። ብዙ አንባብያን ባለታሪኩን ሉሲየንን ያጠፋው የመኳንንቱ ንቀት ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም።

ንቀቱ መራራ መሆኑን አንክድም። በአንጉሌም ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ የተወለደው ሉሲየን ሻርዶን፥ መልኩንና ግጥሙን ተማምኖ፥ ማዳም ደ ባርዠቶን የተባሉትን ወይዘሮ ተከትሎ ፓሪስ ይገባል፤ ከእናቱ ወገን የመጣውንም «ደ ሩባምፕሬ» የተባለ የመኳንንት ስም ለራሱ ያደርጋል። በኦፔራ ቤት ግን የአባቱ ሥራ በሹክሹክታ በታወቀ ጊዜ ወይዘሮዋ ከዘመዳቸው ከማርኪዝ ዴስፓር ጋር ተነሥተው ጥለውት ይሄዳሉ። ቢሆንም ይህ የሚሽር ቁስል ነበር። ዳርቴዝ የሚባለው ድኻ ደራሲ በትዕግሥት መሥራት ማለት ምን እንደ ሆነ አሳይቶት ነበርና።

የማይሽረው ሌላ ነው። ሉሲየን የግጥሙን ጥራዝ ለአሳታሚው ለዶርያ ሲሰጥ በማሰሪያው ክር ላይ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ጥራዙ ሳይፈታ «አይሆንም» ተብሎ ይመለስለታል። በዚህ መካከል ጋዜጠኛ የሆነው ሉሲየን፥ ዶርያ የሚሸጠውን፥ ራሱም በልቡ የሚያደንቀውን የናታንን መጽሐፍ በጋዜጣ ክፉኛ ይነቅፋል። በዚህ ጊዜ አሳታሚው ያንኑ ግጥም በ3,000 ፍራንክ ይገዛዋል፤ ሊያሳትመው ግን አይደለም፥ የጸሐፊውን አፍ ሊዘጋበት ነው። ሳይነበብ የተመለሰው ሳይነበብ ተገዛ! ወዲያውም ሉሲየን የነቀፈውን መጽሐፍ በሌላ ፊርማ ያሞግሰዋል። እኛም በሰው ድርሰት ላይ የምንፈርድ ነንና ይህን ምዕራፍ ያለ ኀፍረት አላነበብነውም።

ከዚህ በኋላ መኳንንቱ ስሙን በንጉሥ ትእዛዝ እናጸናልሃለን ሲሉት ወገኑን ለውጦ ወደ እነርሱ ቢዞር ምን ያስደንቃል? ብዕሩ ቀድሞ ተሸጧል። ስሙ አልጸናለትም፤ የቀድሞ ባልንጀሮቹም ጠላት ሆኑት። ወዳጁ ኮራሊ ስትሞት፥ የመቃብሯን ወጪ ለማግኘት በሬሳዋ አጠገብ ተቀምጦ የመጠጥ ቤት ዘፈን ይጽፋል።

ባልዛክ ስለ ወረቀት ሥራና ስለ ብድር ሰነድ ማብዛቱን የሚነቅፉ አሉ። በእርግጥም ያደክማል። ነገር ግን ደራሲው ራሱ የማተሚያ ቤት ከፍቶ በ1828 በዕዳ የወደቀ ሰው ስለ ነበረ፥ የፓሪስ ሳሎን ሒሳብ በመጨረሻ በማን ትከሻ እንደሚያርፍ ያውቃል። ሉሲየን የእኅቱን ባል የዳቪድን ፊርማ አስመስሎ የ3,000 ፍራንክ ሰነድ ጽፏል። ርካሽ ወረቀት ለመፍጠር ሌት ከቀን ይደክም የነበረው ማተሚያ ቤት ባለቤቱ ዳቪድ በዚህ ዕዳ ይታሰራል። በመጨረሻ ሉሲየን ራሱን ሸጦ 15,000 ፍራንክ ይልካል። ገንዘቡ አንጉሌም ሲደርስ ግን ዳቪድ የፈጠራ ሥራውን ለባለጋራዎቹ ፈርሞ ለቆ ነበር።