ችሎታ ብቻ ሰው አያደርግም
(ስለ ሳይበር ደኅንነት ማሠልጠኛ ጨዋታዎች ገጸ ባሕርይ የቀረበ ሒስ)

የሳይበር ደኅንነትን ለማስተማር ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ጨዋታ ነው። ከእነዚህም ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ተማሪው ለጥቂት ሰዓት ራሱን ትቶ የሌላ ሰው ሚና ይዞ እንዲያስብና እንዲወስን ያደርጋሉ። እንግዲህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩን መፍጠር ነው። ብዙዎች ይህን ሥራ እንደ መግቢያ ብቻ ቈጥረው ፈጥነው ያልፉታል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን የትምህርቱ ፍሬ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ በመጀመሪያው ሥራ ላይ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልማዱ ከየት እንደ መጣ መመልከት ይገባል። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ዐይነቱ ጨዋታ ሁሉ እንደ አባት የሚቈጠር ነው። በእርሱ የመጀመሪያ ደንብ ሦስት ዳይስ እየተጣለ ጉልበት፣ ብልኅነት፣ ጥበብ፣ ቅልጥፍና፣ የሰውነት ጥንካሬና ግርማ በቁጥር ይወሰኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ማለት ለችሎታ ቁጥር መስጠት ማለት መስሎ ቀረ። ዘንዶ ለሚገድል ጀግና ይህ ይበቃ ይሆናል። ለመሥሪያ ቤት ሰው ይበቃል ወይ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ታማራ ዴኒንግ፣ ታዳዮሺ ኮኖና አዳም ሾስታክ ያዘጋጁትንና በ2012 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን «ኮንትሮል አልት ሃክ» የተባለውን የካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ በፈቃድ የሌሎችን ኮምፒዩተር እየፈተነ ድክመታቸውን የሚነግር የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ይሆናሉ። ገጸ ባሕርዮቹ 16 ሲሆኑ እያንዳንዱ በካርታው ላይ የችሎታ ቁጥሮች አሉት። ተጫዋቹ ሦስት ዳይስ ጥሎ ድምሩ ከችሎታው ቁጥር ካልበለጠ ሥራው ይሳካለታል።

ስለ ጨዋታው መልካም ጎን መመስከር ፍትሕ ነው። አዘጋጆቹ የፈለጉት ሊቅ ለማውጣት ሳይሆን ስለ ሙያው ዕውቀት የሌለውን ሰው ለማንቃት ነበር። በካርታዎቹ ላይ ያሉትም ሰዎች ኑሯቸውና ዝንባሌያቸው ልዩ ልዩ ስለሆነ «የኮምፒዩተር ሰርጎ ገብ ማለት በጨለማ ክፍል ብቻውን የሚቀመጥ ጎረምሳ ነው» የሚለውን አስተያየት ለማፍረስ ይረዳሉ። ጉድለቱ የሚታየው ይህ አሠራር ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንደ አብነት ሲወሰድ ነው።

ጉድለቱን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሦስት ዳይስ ሲጣሉ 216 ዐይነት አወዳደቅ አለ። ችሎታው 10 የሆነ ሰው ከእነዚህ በ108ቱ፣ ማለት በትክክል በግማሹ፣ ይሳካለታል። ይህ ዕድል ሐሙስ ማታም ሆነ በዓል ቀን፣ አለቃው ቢቆጣም ሆነ ቢያመሰግን፣ አይለወጥም። እንግዲህ ውድቀት የሚመጣው ከዳይሱ እንጂ ሰውዬው ከቆመበት ቦታ አይደለም ማለት ነው። እውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ አይደለም።

ለምስክርነት በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ላይ የደረሰውን እንውሰድ። በ2015 መጀመሪያ ሥራ ፈላጊ መስሎ የቀረበ ሰው የሕይወት ታሪኩን የያዘ ደብዳቤ በኢሜይል ለባንኩ ሠራተኞች ላከ። ልብ እንበል፤ ሌቦቹ ራሳቸው ገጸ ባሕርይ ፈጥረዋል። ያም ገጸ ባሕርይ ኃይለኛ አልነበረም፤ ትሑት አመልካች ነበር። በር የከፈተለትም ትሕትናው ነው። ከዚያ በኋላ በየካቲት 2016 በሐሙስ ማታ በኒውዮርክ ላለው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ 35 የሐሰት የክፍያ ትእዛዞች ተላኩ፤ ጠቅላላው ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም። በባንግላዴሽ ዐርብና ቅዳሜ፣ በኒውዮርክ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ነው፤ በማኒላ ደግሞ ሰኞ የጨረቃ አዲስ ዓመት በዓል ነበር። የክፍያ ማረጋገጫ የሚያትመው መሣሪያ ሥራ አቁሞ ሲገኝ ሠራተኞቹ እንደ ተራ ብልሽት ቈጠሩት። በመጨረሻ 81 ሚሊዮን ዶላር ማኒላ ገባ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ግን የተረፈው «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል በስሕተት ስለተጻፈና ገንዘቡ የሚያልፍበት ባንክ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ነገሩን የወሰኑት እነማን ናቸው? ደብዳቤውን የከፈተው፣ በተበላሸው መሣሪያ አጠገብ የቆመውና የፊደል ስሕተት አይቶ የጠየቀው ናቸው። ሦስቱም ካርታ የሚወጣላቸው ጀግኖች አይደሉም። ስለ እነርሱም የሚጠየቀው «ይችላሉን?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ማንን መጠየቅ ይችላሉ? መጠየቅስ ምን ያስከፍላቸዋል?» የሚለው ጭምር ነው።

ከዚህም የከፋ ሌላ ስሕተት አለ። አንዳንድ አሠልጣኞች የበታች ሠራተኛን ሚና ሲያወጡ ሞኝ አድርገው ይሥሉታል። ተማሪው ይሥቅበታል፤ «እኔ እንደ እርሱ አይደለሁም» ብሎም ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ጥፋቱን ሁሉ በታችኛው ሠራተኛ ላይ ጭኖ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ነፃ ያወጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። ገጸ ባሕርይዋ የአንድ ገንዘብ ቤት የክፍያ ክፍል ጸሐፊ ትሁን፤ ስሟን ተጫዋቹ ያውጣላት። በወረቀቷ ላይ ከችሎታ ቁጥሮች ሌላ አራት ነገሮች ይጻፉ፤ የሥራ ድርሻዋ፣ የምትታዘዝለት ሰው፣ ከልምድ የተማረችው ነገርና የምትፈራው ነገር። ለምሳሌ ያህል የአለቃዋን አጻጻፍ አጥርታ ታውቃለች፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በዕረፍት ቀን ስልክ ደውላ ተቆጥተዋታል። አምስት የድፍረት ጠጠሮች ይሰጧት። አጠራጣሪ ትእዛዝ ሲመጣ ለመጠየቅ በሥራ ቀን አንድ ጠጠር፣ በዕረፍት ቀን ሦስት ጠጠር ትክፈል። የጠየቀችው ነገር ከንቱ ሆኖ እንኳ አለቃዋ ካመሰገኗት ጠጠሮቿ ይመለሱላት።

«ፍርሃት በጠጠር አይለካም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ብልኅነትም በዳይስ አይለካም። የጠጠሩ ጥቅም መለኪያ መሆኑ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ «በዕረፍት ቀን መጠየቅን ሦስት ጠጠር ያስከፈለው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በክፍሉ ፊት ማቅረቡ ነው። «የሙያው ትምህርትስ የት ቀረ?» ለሚልም መልሱ ቅርብ ነው፤ መሣሪያው በብልሽት ይሁን በሰው እጅ እንደቆመ የሚለይ ዐዋቂ አሁንም ያስፈልጋል። ዐዋቂው ግን የሚመጣው ቀድሞ የጠራው ሰው ሲኖር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚል ተረት ያደገ ሰው በአለቃው ስም የመጣን ደብዳቤ «እውነት የእርስዎ ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ይከብደዋል። ሌባውም የሚተማመነው በዚሁ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር ቃላቱን ከመተርጐሙ አስቀድሞ የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ይመልከት፤ «ለማን ይታዘዛል?» የሚለው መስመር ከሌለበትም ይጨምርበት።