መዝጋቢዎቹ

ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተደረደሩትን መስቀሎች የሚያደንቅ ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ጀማሪ የቅርስ መዝጋቢዎችን አደንቃለሁ። ቅርሱ ላይ ዓይን የማያርፍበትን ቦታ መርጠው፣ በኋላ ሊለቅ የሚችል ስስ ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ሲደርቅ የመዝገብ ቁጥሩን በቀጭን ብዕር ጽፈው በሌላ ሽፋን ያለብሱታል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ጠርጎ እንደገና ነው! አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ቢልም፣ አዋጁን ሥራ ላይ የሚያውሉት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠው ይጠፋል፤ ቢሰረቅም የእኛ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ፎቶውን፣ ልኬቱን፣ የተሰነጠቀበትን ጠርዝ ሳይቀር ያሰፍራሉ። ከዓመታት በኋላ አዲስ ስንጥቅ ቢመጣ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚገልጠው የእነሱን መዝገብ ነው።