የሐረሩ ከረቡና የመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል

የሙዚቃ ትምህርት የሀገር ባህል መሣሪያዎችን የክር፣ የትንፋሽና የምት ብሎ በሦስት ይመድባል፤ ከበሮም ከነጋሪትና ከአታሞ ጎን ሥዕሉ ቀርቦ ስሙ ይጻፍበታል። ምደባው ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ፣ ከበሮው ከማን ድምፅ ጋር፣ መቼና ለምን እንደሚመታ ሳይነገር ትምህርቱ እዚያው ማብቃቱ ነው።

ይህ ጉድለት በሐረር ጎልቶ ይታያል። በጀጎል ውስጥ ከረቡ (የስሙ ፊደላት ከ«ከበሮ» ጋር ቦታ የተለዋወጡ ይመስላሉ) የዚክሪ አካል ነው። በመውሊድ፣ በሠርግና በአዋች መካን ዚክሪ ሲደረግ መሪው ያዜማል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ ከበል የሚባሉት ጥንድ እንጨቶች ይጋጫሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው የከረቡው ምት ነው። ግጥሙ በዐረብኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ስለሆነ፣ ሁሉንም ቋንቋ ያልለየ ሕፃን እንኳ ምቱን ተከትሎ ከተቀባዮቹ ጋር ይገባል። በዚያው በጀጎል፣ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ከበሮው ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር ዜማውን ያጅባል። የሐረር ሕፃን እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚገባው ጆሮው ተምሮ ነው፤ መጽሐፉ ግን ሥዕልና ስም ብቻ ሲሰጠው፣ የሚያውቀው ነገር ከዕውቀት እንደማይቆጠር ይረዳል።

ዩኔስኮ የሐረሪዎችን የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በመዝገብ መስፈሩ መልካም ነው፤ ምቱን ለልጅ የሚያስተላልፍለት ግን መዝገቡ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ክርክር አለ። ዚክሪ አምልኮ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ከሃይማኖት ነፃ ነው። ስለሆነም ዚክሪን ለወላጆች ቀን ትርኢት ማድረግ ለአምልኮውም ለትምህርቱም አይበጅም። ይሁን እንጂ የምቱ ሥርዓት፣ ማለትም መምራት፣ መጠበቅና መቀበል፣ የአምልኮውን ቃል ሳይነኩ ሊሰጥ ይችላል።

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተባት ኮሪያ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በዚያ ጃንጉ የሚባለውን ወገበ ቀጭን፣ ሁለት ፊት ያለው ከበሮ የሚማር ሰው ምቱን በአፉ ይላል፤ ሁለቱ ፊቶች አብረው ሲመቱ «ደንግ»፣ ግራው ሲመታ «ኩንግ»፣ ቀኙ ሲመታ «ደክ»። እንዲህ ያለው ትምህርት መሣሪያ መግዣ በጀት ለሌለው ትምህርት ቤት አይከብድም፤ አፍና መዳፍ ይበቁታል። የሚከብደው መምህሩን ማዘጋጀት ነው፤ መምህሩ ራሱ በሥዕል የተማረ ነውና። ዕቅድ አውጪዎች ከመጽሐፉ ኅትመት አስቀድመው የመምህራን ሥልጠናውን ሊመለከቱ ይገባል።

በፈተናውም «ከበሮ ከየትኛው ምድብ ነው?» ከሚለው ይልቅ «መሪው ዝም ሲል ቀጥሎ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው?» የሚለው ጥያቄ የተማሪውን ጆሮ ይመረምራል።