ተረቱን የሚያወራው ማነው?

በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያምና በዙሪያዋ የቡዳ ተረት የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ጠይቡ፣ ማለትም ብረት ወይም ሸክላ ሠሪው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ጅቡ ተገድሎ ሲታይ ጆሮው ላይ የጠይቡ ጉትቻ ይገኛል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ነኝና እነዚህን ስሰበስብ አስቀድሜ የምመዘግበው የተራኪውን ማንነት ነው፦ ባለርስት ነው፣ ደብተራ ነው ወይስ የሸክላ ሠሪ ጎረቤት? ተራኪው ራሱ የጠይብ ልጅ የሆነበት አንድም የቡዳ ተረት በእጄ የለም።

ለእጅ ባለሙያው የተቆረቆሩትም ቢሆኑ ከላይ ሆነው ነው የተናገሩት። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የዘር ቆጠራን ክፉኛ ነቀፉ። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ አንጥረኛው ግን አሁንም አልተናገረም። የመርጡለ ማርያምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስናነሳ ንግሥት እሌኒ አሠሩት እንላለን፤ ያንን የመሰለ ጌጥ በድንጋይ ላይ ያወጡት እጆች የማን ነበሩ?

ሕንድ ውስጥ «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት ዳሊቶች ይህን ከላይ ሆኖ ስለ ሌላው መናገር ገለበጡት። እ.ኤ.አ. በ1972 ናምዴኦ ዳሳልን የመሰሉ ገጣሚዎች ቦምቤይ ላይ «ዳሊት ፓንተርስ» የተባለውን ንቅናቄ አቋቋሙ። ዳሊቱ ደራሲ ኦምፕራካሽ ቫልሚኪ ደግሞ በልጅነቱ ርዕሰ መምህሩ ከክፍል አስወጥቶ ግቢ እንዳስጠረገው በገዛ ብዕሩ ጻፈ። የእነሱና የእኛ አንድ ነው አልልም፤ ባለታሪኩ ራሱ ሲናገር ታሪኩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ግን ከእነሱ ተምሬያለሁ።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ገበያ ላይ ገዢው የሸክላ ሠሪዋን ምጣድ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ ካለው ያስታውቃል። ገዝቶ ይሄዳል፤ በዚያ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ግን ከሠሪዋ ጋር አይቆርስም። እኔም እሷ ዘንድ ስሄድ «ሰው ምን ይላችኋል?» ብዬ አልጀምርም፤ ጥያቄው መልሶ ተረቱ ውስጥ ይከተናል። «እማማ፣ ሥራውን ማን አስተማረዎ?» እላለሁ። ያኔ ገል ደቁሶ ከጭቃው ጋር ስለማቡካት፣ እሳቱ ሲበረታ ስለሚፈነዳው እንስራ ሰፊ ጨዋታ ይመጣል። የልጆቿ ጋብቻ ሲነሳ ወሬው ከተቋረጠም፣ መቋረጡን እዚያው እጽፋለሁ፤ በራሴ ግምት አልሞላውም።

ከተማሪዎቼም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ተመልሰው ለባለታሪኳ ያነቡላታል። «ይህን አውጡት፣ ልጄን ያስቸግርብኛል» ካለች ይወጣል፤ ጽሑፉ ቢሳሳም።