መብራት ሲመለስ የሚፈተን ስዊች

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላለ የእንግዳ ማረፊያ ኔትወርክ ስዘረጋ አስቀድሜ የምጠይቀው የኔትወርክ ዕቃዎችን በኬብል የሚያገናኘው ስዊች ስንት ፖርት እንዳለው አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃውን ማን ያየዋል የሚለው ነው። ባለሙያ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ እስኪደርስ ሥራ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ስዊቹ ሰው ሳይነካው ራሱን ችሎ መነሳት አለበት።

ተራው ስዊች ይህን በደንብ ይችላል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ግን የእንግዳውን ስልክ፣ የገንዘብ ተቀባይዋን ኮምፒውተርና ካሜራዎቹን አንድ ላይ ያደባልቃቸዋል። ይህን ስለማልቀበል ትንሽም ቢሆን ማኔጅድ፣ ማለትም ቅንብሩ የሚስተካከል ስዊች እንዲገዛ እመክራለሁ። አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች በሚከፍለው ቪላን ሦስቱ ይለያያሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ማን ይለፍ የሚለውን ግን ራውተሩ ስለሚወስን፣ ራውተሩ ቪላን የማያውቅ ከሆነ የስዊቹ ወጪ ግማሹ ከንቱ ነው።

በጣም የማመነታው ፒኦኢ ላይ ነው፤ በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልከው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ስታንዳርድ ከአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ የ2009ኙ እስከ 30 ዋት ይፈቅዳል። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ይህ ነው። ወሳኙ ግን የስዊቹ ጠቅላላ አቅም ነው። 65 ዋት የሚችል ስዊች ላይ አምስት ካሜራና ሁለት ዋይፋይ ተሰካ እንበል። ቀን ካሜራዎቹ እያንዳንዳቸው 6 ዋት፣ ዋይፋዮቹ እያንዳንዳቸው 12 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 54 ነው፤ ሁሉም ይሠራል። ሲመሽ የካሜራዎቹ የሌሊት መብራት ይበራና እያንዳንዱ 10 ዋት ይደርሳል፤ ድምሩ 74። ያኔ አንዱ ካሜራ ድርግም ይላል፤ ጥበቃ የሚፈለገውም በዚያው ሰዓት ነው። ባለቤቱ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። እኔ የምደምረው የሌሊቱን ነው፣ መብራት ሲጠፋ የሚያግዘውን ዩፒኤስም በዚያው ልክ እመርጣለሁ።

መኝታ ክፍሎቹ በቁልቁለቱ ተበታትነው ከተሠሩ የፋይበር መሰኪያ ያለው ስዊች ይሻላል። የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር አያልፍም። ከዚያም በላይ የክረምት መብረቅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በመዳቡ ይጓዛል፤ ፋይበር ውስጥ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍም።

ስለ አምራቹ ስም ብዙ አልከራከርም። ሲስኮም ሆነ ማይክሮቲክ ወይም ቲፒሊንክ፣ ቅርብ ያለ ባለሙያ የለመደውን እመርጣለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ እያየ ስዊቹን ከሶኬት ነቅዬ መልሼ እሰካዋለሁ። በአንዳንድ ስዊቾች የቅንብር ለውጥ ወዲያው ቢሠራም ሴቭ ካልተደረገ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲነሳ ቪላኑ፣ ካሜራውና የገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተር እንደነበሩ ከተመለሱ የቅንብሩን ግልባጭ በፍላሽ፣ ፓስወርዱን በወረቀት ለባለቤቱ አስረክባለሁ።