ከግድግዳው ሣጥን በፊት፦ ለሕዝብ ስለሚቀርበው የልብ ዲፊብሪሌተር ከደምበጫ አንጻር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

አውቶማቲክ የልብ ዲፊብሪሌተር (ኤ.ኢ.ዲ.) በሕክምና ሙያ ያልሠለጠነ ሰው እንኳ እንዲጠቀምበት ታስቦ የተሠራ መሣሪያ ነው። ደረት ላይ በሚለጠፉ ሁለት ፓዶች አማካይነት የልብን ምት ራሱ ይመረምራል፤ ምቱ በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊስተካከል የሚችል ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ንዝረቱ እንዲሰጥ ያዝዛል። በበለጸጉት አገሮች መሣሪያው በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በስታዲየሞችና በገበያ አዳራሾች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መታየቱ ከተለመደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2021 ዴንማርካዊው ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ወድቆ በዲፊብሪሌተር ከሞት መመለሱም የመሣሪያውን ዝና በመላው ዓለም አሰማ።

«በእኛም ከተሞች ይሰቀል» የሚለው ሐሳብ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ቅንነቱ ግን ከምርመራ ነፃ አያደርገውም። በሌላ በኩል «ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው» ብሎ ነገሩን በአጭሩ መዝጋትም ከሙያ የሚጠበቅ መልስ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም አቋሞች በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ አሳርፎ ለመመርመር ይሞክራል። ቦታው ደምበጫ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚያልፍባት፣ በገበያ ቀን ከዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባት የምዕራብ ጎጃም ከተማ።

ማስረጃው የተገኘው ከየት ነው?

መሣሪያውን ለሕዝብ ማቅረብን የሚደግፈው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ማስረጃው የተሰበሰበበትን ሁኔታ ሳያዩ ውጤቱን ብቻ ወስዶ መከራከር የተለመደ ስሕተት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የአሜሪካ ቁማር ቤቶች ጥናት በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ከወደቁ 105 ሰዎች መካከል 56ቱ ከሆስፒታል በሕይወት መውጣታቸውን አሳይቷል። ከወደቁ በ3 ደቂቃ ውስጥ ንዝረት ካገኙት 74 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ካገኙት ደግሞ 49 በመቶ ተርፈዋል። ውጤቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን የያዙት ለዚሁ የሠለጠኑና በሥራ ሰዓት ከስፍራው የማይለዩ የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩ። የሚጠብቁትም በካሜራ ክትትል ሥር ያለ አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያዎች ጥናትም በሁለት ዓመት ውስጥ በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ከወደቁ 18 ሰዎች 11ዱ መዳናቸውን ዘግቧል። እነዚህ ማረፊያዎች በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መንገደኛ የሚያስተናግዱ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ከሁሉም የሚጠቀሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የሰሜን አሜሪካ ሙከራ ነው። በ993 ተቋማትና የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ የተካሄደው ይህ ሙከራ ዲፊብሪሌተር ባለበት ቡድን ከ128 የልብ መቆም አደጋዎች 30 ሰዎች፣ በሌለበት ቡድን ከ107 አደጋዎች 15 ሰዎች መትረፋቸውን አረጋግጧል። «መሣሪያው የተረፉትን ቁጥር እጥፍ አደረገ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን መሣሪያ ያልተሰጠው ቡድንም ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞችና የተዘጋጀ የድንገተኛ ዕቅድ ነበረው። ሙከራው የመዘነው መሣሪያ በሠለጠነ እጅ ላይ ሲጨመር የሚያመጣውን ለውጥ ነው፤ ሥልጠና በሌለበት ቦታ የተሰቀለ ሣጥን የሚያስገኘውን ጥቅም አልመዘነም። በዚያው ጥናት በመኖሪያ ሕንፃዎች የተረፉት 2 ሰዎች ብቻ መሆናቸውም ሊጤን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ጡንቻ ጉዳት ለደረሰባቸው 7,001 ሕሙማን ቤት መሣሪያ ማስቀመጥ ያለውን ጥቅም ፈትሾ የሞት መጠን 6.4 በመቶና 6.5 በመቶ፣ ማለትም ልዩነት የሌለው ሆኖ አግኝቶታል። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2004 ማንኛውም ዜጋ መሣሪያውን እንዲጠቀም ከፈቀደች በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ሰው እያየ በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ከወደቁት 12,631 ሕሙማን በሕዝብ መሣሪያ ንዝረት ያገኙት 462 ብቻ፣ 3.7 በመቶ መሆናቸው ነው። ንዝረቱን ያገኙት በእጅጉ ተጠቅመዋል፤ መሣሪያው የደረሰላቸው ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

በደምበጫ ልቡ የሚቆመው ማን ነው?

ዲፊብሪሌተር የሚያክመው ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽንንና የደም ሥር ትርታ የሌለውን ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ብቻ ነው። ጥያቄው እንግዲህ በአካባቢያችን ሰው የሚሞተው በእነዚህ ነው ወይ የሚል ይሆናል።

በምዕራብ ጎጃም የጤና ተቋማት የሚሠራ ባለሙያ በወሊድ ጊዜ በደም መፍሰስ የምትዳከመውን እናት፣ በመኪና አደጋ ደሙ የፈሰሰውን መንገደኛ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት የጠጣውን ወጣት፣ ወንዝ የወሰደውን ሕፃን ያውቃቸዋል። የእነዚህ ሰዎች ልብ ሲቆም ምክንያቱ የደም ወይም የኦክስጂን እጥረት ነው። መሣሪያው ቢለጠፍባቸው በአብዛኛው «ንዝረት አያስፈልግም» ይላል። የሚያስፈልጋቸው ደም ማቆም፣ ትንፋሽና ፈጣን ማጓጓዣ ነው።

መብረቅም ሌላው ምሳሌ ነው። በክረምት በደጋው አገር መብረቅ የመታው ሰው ልቡ ራሱ እንደገና መምታት ሊጀምር ይችላል፤ ትንፋሹ ግን ቆሞ ይቆያል። ትንፋሽ የሚሰጠው ካላገኘ ልቡ በኦክስጂን እጥረት ዳግመኛ ይቆማል። ስለዚህም መብረቅ ብዙ ሰው ሲመታ፣ ከተለመደው ቅደም ተከተል በተቃራኒ፣ የሞቱ ከሚመስሉት መጀመር እንደሚገባ ትምህርቱ ያዝዛል። ይህን ያወቀ እረኛ ዲፊብሪሌተር በሌለበት መስክ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

የልብ ሕመምን ራሱን ብንወስድ በገጠር ኢትዮጵያ ወጣቱን የሚቀጥፈው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በላንሴት የታተመ የገጠር ኢትዮጵያ ጥናት በዚህ ሕመም የሚደርሰውን ዓመታዊ ሞት 12.5 በመቶ አድርሶታል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ26 ዓመት በታች ነበር። ይህን ሞት የሚያስቀረው የጉሮሮ ሕመምን በወቅቱ ማከም፣ ሕመሙ ለያዛቸውም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። የአንድ ዲፊብሪሌተር ዋጋ ለስንት ልጆች መርፌ እንደሚሆን ሳያሰላ በጀት የሚያጸድቅ ሰው ሥራውን በሚገባ አልሠራም።

ይህ ሲባል ግን በደምበጫ ንዝረት የሚያሻው ሰው የለም ማለት አይደለም። በከተሞች የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እየተስፋፋ ነው፤ የልብ ደም ሥር መዘጋትም ይከተላቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ወፍጮ ቤቶችና የብየዳ ቤቶች በዝተዋል፤ ኤሌክትሪክ የያዘው ሠራተኛ ደግሞ ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ሊያገኘው የሚችል፣ ብዙውን ጊዜም ልቡ ጤነኛ የሆነ ወጣት ነው። «ቅንጦት ነው» የሚለው መልስ ይህን ወጣት ይረሳዋል።

«ጣር» የሚለው ቃል

መሣሪያው ቢኖርም ባይኖርም የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገኘው በአስተዋይነታችን ላይ ነው። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ በኃይል አየር ይስባል። ቋንቋችን ይህን «ጣር» ይለዋል። «እያጣጣረ ነው» ሲባል በአጠገቡ ያለው ሰው የሚረዳው መጨረሻው መድረሱን ነው፤ ስለዚህም ይጸልያል፣ ቤተ ዘመድ ያስጠራል፣ አስከሬን የሚገነዝ ይፈልጋል። በረዥም ሕመም ለተዳከመ ሽማግሌ ይህ ተገቢና የተከበረ ሥርዓት ነው። ከደቂቃ በፊት በእግሩ ቆሞ ሲነጋገር ለነበረ ሰው ግን ያው ድምፅ ትርጉሙ የተለየ ነው፦ ደረቱን መጫን ጀምሩ የሚል ምልክት ነው።

እንደዚሁም ልብ ሲቆም ለጥቂት ሰኮንዶች ሰውነት ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ነገሩ የሚጥል በሽታ ይመስላል፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውኃ መርጨት ይከተላል። ያለ ደረት መጫን በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ የመትረፍ ዕድል እንደሚጠፋ ካወቅን፣ በክብሪቱና በውኃው የሚያልፈው ጊዜ ምን እንደሚያስከፍል ግልጽ ነው። ሣጥኑ ግድግዳው ላይ ቢኖር እንኳ ሰው ወደ ሣጥኑ የሚሮጠው የሆነውን ነገር ሲያውቅ ብቻ ነው።

ሣጥኑና ባለቤቱ

መሣሪያ በስጦታ ሲመጣ የሚነሣው ቀጣዩ ጥያቄ «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ነው። ፓዶቹ የአገልግሎት ዘመን አላቸው፤ ባትሪውም በጥቂት ዓመታት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዳሰሳ ጥናት ሀብታቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን ገምቷል። በመናኸሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በየወሩ የሚፈትሸው ሰው ያልተመደበለት መሣሪያ ከዚህ ዕጣ ያመልጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ባትሪው የሞተ ዲፊብሪሌተር ደግሞ ከምንም አለመኖር ይከፋል፤ ሰዎች ደረት መጫናቸውን ትተው እርሱን ይጠብቃሉና።

ቋንቋና ባህልም ይታሰብባቸው። መመሪያውን በአማርኛ የማይናገር መሣሪያ ለደምበጫ ነጋዴ ዲዳ ነው። ፓዶቹ በባዶ ደረት ላይ መለጠፍ ስላለባቸው፣ በገበያ መካከል የወደቀችን ሴት ለማከም ማን ደፍሮ ልብሷን ይከፍታል? በአሜሪካ እንኳ ሴቶች በአደባባይ ሲወድቁ ከወንዶች ያነሰ ዕርዳታ እንደሚያገኙ ጥናቶች አመልክተዋል። በእኛ አገር መልሱ ቅርብ ነው፦ ሁለት ሴቶች ነጠላ ወይም ጋቢ ዘርግተው ይከልሏታል። ይህ ግን አስቀድሞ በሥልጠና ካልተነገረ በጭንቅ ሰዓት አይታወስም።

ምን ይደረግ?

ዓለም አቀፉ የማነቃቃት ሕክምና ትብብር ኮሚቴ (ኢልኮር) ለበለጸጉ አገሮች የተጻፈው መመሪያ ሀብት አነስተኛ በሆነበት ቦታ እንዳለ ሊተገበር እንደማይችል በይፋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ለእኛ መንገድ ይከፍታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ ለሕዝብ ክፍት መሆን ያለበት ዕውቀቱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ነበር። በዚህ ፓኬጅ ውስጥ ጣርን መለየት፣ ደረት መጫን፣ ለሕፃን፣ ውኃ ለወሰደውና መብረቅ ለመታው ሰው ትንፋሽ መስጠት፣ ደም ማቆም በተግባር ሊሠለጥኑ ይገባል፤ በትምህርት ቤቶች፣ በዕድርና በገበያ ቀን። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው ሊረዱ እየቻሉ መተውን ያስቀጣል። ሕዝብን በግዴታ ከያዝን ግዴታውን የሚወጣበትን ዕውቀትም መስጠት አለብን።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ዲፊብሪሌተር መቀመጥ ያለበት ሌት ተቀን ሰው በማይለይበት የጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍልና በአምቡላንስ ውስጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭት የአምቡላንስና የሕሙማን እንቅስቃሴ ምን ያህል በቀላሉ ሊታገድ እንደሚችል አሳይቷል። መንገድ በተዘጋ ቀን የሚቀረው በቦታው ያለ ሰውና በቦታው ያለ ተቋም ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ሲሟሉ መሣሪያው ወደ ሕዝብ ይውጣ፤ ሰው በሚበዛበት፣ የተመደበ ጠባቂ ባለበትና ለጠባቂው ሥልጠና በተሰጠበት ቦታ። ስጦታ የሚያመጡ ወገኖቻችንም ከሣጥኑ ጋር የአምስት ዓመት ፓድና ባትሪ፣ የአማርኛ ድምፅና የአሠልጣኝ አበል እንዲጨምሩ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ሳያሟሉ የሚቀርብ መሣሪያ ሲመጣ በአክብሮት «አሁን አይደለም» ማለት የጤና ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊነት ነው።

ዲፊብሪሌተርን የምንለካው በተሰቀለበት ግድግዳ ብዛት ሳይሆን፣ በደምበጫ ገበያ አንድ ሰው ሲወድቅ በመጀመሪያው ደቂቃ ደረቱ ላይ በሚያርፉት እጆች ነው። እነዚያ እጆች ካሉ መሣሪያው ይጨምርላቸዋል፤ ከሌሉ የሚጨምርበት ነገር አያገኝም።